ንጹሕ አሻራ

ማሽኑ የዕፀ ሕይወትን አሻራ አልቀበል አለ። ቴክሳስ፣ ሜስኪት ከተማ ውስጥ ከጎማ ቤት ጎን ባለች ጠባብ ቢሮ፣ አሻራ የምታነሳው ሴትዮ ጣቶቿን አንድ በአንድ እየያዘች መስታወቱ ላይ ታንከባልላለች። ስክሪኑ ላይ ግን ግራጫ ጭጋግ እንጂ መስመር የለም።

«ሥራሽ ምንድን ነው?» አለቻት ሴትዮዋ።

«ፋርማሲ ቴክኒሺያን ነበርኩ። ብዙ ዓመት።»

«በቃ እሱ ነው። አልኮሉና ሳሙናው ጣትሽን በልቶታል።»

ቅባት ሰጠቻትና ደጋግማ እንድታሸው አደረገች። ከብዙ ሙከራ በኋላ ቀጫጭን መስመሮች ስክሪኑ ላይ ብቅ አሉ። ሴትዮዋ ደስ ብሏት አጨበጨበች። «አገኘንሽ! አንዱ ወደ ስቴቱ ዋና ከተማ ኦስተን ይሄዳል፣ አንዱ ወደ ኤፍ ቢ አይ።»

«ከዚያስ? አይተው ሲጨርሱ ይሰርዙታል?»

«የኔ እመቤት፣ እዚያ የገባ ነገር መቼ ወጥቶ ያውቃል» አለችና ሳቀች። ቀጥላም የሚቀጥለውን ሰው ጠራች።

ዕፀ ሕይወት ጋርላንድ ውስጥ ስትሠራበት የኖረችው ፋርማሲ ተዘግቶ ነበር። ባለቤቱ ጡረታ ወጣ፣ ልጆቹ አልፈለጉትም። እሷ ሌላ ሥራ በምትፈልግበት ሰሞን የቴክሳስ ሕግ ላላ ብሎ፣ ማሪዋና ለታማሚዎች የሚሸጡ ቤቶች እዚህም እዚያም መከፈት ጀመሩ። የሚጨስ አይደለም። ሐኪም ያዘዘው፣ መጠኑ የተለካ፣ በጠብታና በከረሜላ መልክ የሚሰጥ ነው። እዚያ የሚሠራ ሰው ሁሉ ግን አሻራ ሰጥቶ፣ ባክግራውንድ ቼክ የሚሉትን የኋላ ታሪክ ምርመራ አልፎ፣ ስቴቱ ዘንድ መመዝገብ አለበት።

ባሏ መኳንንት ዲኤፍደብሊው አውሮፕላን ማረፊያ ውስጥ መንገደኞችን ከተርሚናል ወደ መኪና ኪራዩ የሚያመላልስ አውቶቡስ ይነዳል። ነገሩን ስትነግረው ሳቀ።

«ሶ ሀሽሽ ቤት ልትገቢ ነው?»

«መድኃኒት ቤት ነው፣ መኳንንት። ከድሮው የሚለየው በአንድ ቅጠል ነው።»

«ኦኬ፣ ግን የዜግነት ማመልከቻሽ ገብቷል እኮ። እሱ ላይ ነገር እንዳያመጣ።»

እሱ ራሱ ዜግነት ከወሰደ ቆይቷል። እሷ ዛሬ ነገ ስትል ከርማ ገና ማመልከቷ ነበር። ስለዚህ በማግስቱ የምትቀጠርበትን ቤት ሥራ አስኪያጅ ጠየቀቻት። ሥራ አስኪያጇ ፀጉሯን አጭር የተቆረጠች፣ ፈጣን አነጋገር ያላት ነጭ ሴት ናት። «ስቴቱ ራሱ መርምሮ ላይሰንስ የሚሰጥሽ ሥራ ነው። ከዚህ በላይ ሕጋዊ ሥራ የት ታገኛለሽ?» አለቻት። መልሱ እሷንም መኳንንትንም ያጠገበ መሰለ። ላይሰንሱ ሲመጣ መኳንንት በስልኩ ፎቶ አነሳውና ለዘመድ ሁሉ ላከው። ሥር ላይ «ቴክሳስ ሚስቴን መርምሮ ንጹሕ ናት ብሏል» ብሎ ጻፈበት።

ሥራ የጀመረችበት ቤት ምልክት የለውም። ሁለት በር አለው፤ አንደኛው ከኋላ ካልተዘጋ ሁለተኛው አይከፈትም፣ መሐል ላይ ካሜራ ሥር ቆመው ይጠብቃሉ። መጀመሪያ ሰሞን ዕፀ ሕይወት እዚያ መሐል ስትቆም ካሜራውን ቀና ብላ ታይ ነበር። ካርድ መክፈያ ማሽን የሌለበትን ምክንያት ስትጠይቅ ሥራ አስኪያጇ ትከሻዋን ነቀነቀች።

«ባንኮቹ ይፈሩናል። ለኦስተን ባለሙያዎች ነን፣ ዋሽንግተን ላለው የፌዴራል መንግሥት ግን አሁንም ወንጀለኞች ነን።»

ሁሉም ሳቁ፣ ዕፀ ሕይወትም ሳቀች። ንግግሩ ግን ቀኑን ሙሉ ከጆሮዋ አልወጣም። ከዚያ ሥራ በዛ፣ ተረሳ።

ሥራውን ወደደችው። ከጦርነት ከተመለሰ ወዲህ እንቅልፍ የማያውቅ ሰውዬ ይመጣል። በሚጥል በሽታ የምትንዘፈዘፍ ልጇን አዝላ የምትመጣ እናት አለች፤ ልጅቷ ጠብታውን ከጀመረች ወዲህ በእግሯ ትገባ ጀመር። እና አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ኮፍያውን እስከ ቅንድቡ የደፋ፣ ከዘራ የያዘ ረጅም ሽማግሌ ሁለተኛውን በር አልፎ ገባ። ቀና ሲል ዓይን ለዓይን ተጋጩ። አቶ በየነ ነበሩ፣ የቤተ ክርስቲያናቸው የሰበካ ጉባኤ ሊቀ መንበር።

«ዕፀ… አንቺ ነሽ?»

«እኔ ነኝ፣ ጋሼ። እግዚአብሔር ይማርዎት።»

ካንሰሩ አጥንታቸው ውስጥ ገብቶ ኖሯል። ሐኪም ጋ ወስዳ ያሳዘዘችላቸው ዋይሊ ከተማ አብረዋት የሚኖሩት ልጃቸው ሜሪ ናት። አቶ በየነ ባንኮኒውን ጨብጠው ዙሪያቸውን አዩ። «ልጄ፣ ማንም እንዳይሰማ። ሰው ምን ይለኛል? እኔ ነኝ ወጣቱን ስገሥጽ የኖርኩት።»

«እዚህ የገባ ስም ከዚህ አይወጣም፣ ጋሼ። ሥራዬም ነው፣ ሕጉም ነው።»

ጠብታውን እንዴት እንደሚለኩ አሳየቻቸው፤ እጃቸው ስለሚንቀጠቀጥ የስልክ ቁጥሯን ሰጠቻቸው፣ ግራ የገባቸው ጊዜ እንዲደውሉ። ከዚያ ወዲህ በየጊዜው ይደውሉ ነበር።

የእሷ ነገር ግን አልተደበቀም። መኳንንት የላከው ፎቶ ከዘመድ ወደ ዘመድ፣ ከዘመድ ወደ ጎረቤት ዞሮ ቤተ ክርስቲያን ደረሰ። ዕፀ ሕይወት ሰንበት ትምህርት ቤት ሕፃናትን ታስተምር ነበር። አንዲት እናት «ሀሽሽ የምትሸጥ ሴት ልጄን አታስተምርም» አለች፤ ሌሎችም ተከተሉ። ጉባኤው ጠርቶ ለጊዜው ገለል እንድትል ነገራት። አቶ በየነ ከጠረጴዛው ጫፍ ተቀምጠው እጃቸውን እያዩ አንድ ቃል አልተናገሩም። እሷም የእሳቸውን ምስጢር አላወጣችም። ስትወጣ ብቻ «አመሰግናለሁ» አለች፤ ማንን እንደሆነ አልታወቀም።

የዜግነት ኢንተርቪው ቀኗ ሲደርስ አርቪንግ ወዳለው የኢሚግሬሽን ሕንጻ ብቻዋን ሄደች። ጠበቃ መያዝ አላሰበችም፤ የሚያስፈራ ነገር የለባትም። ኦፊሰሩ ወጣት፣ ጨዋ፣ ፈገግተኛ ነበር። የአሜሪካን ታሪክ ጠየቃት፣ መለሰች። አነበበች፣ ጻፈች። «ግሩም ነው» አላት። ከዚያ ማመልከቻውን እያገላበጠ «አሁን የት ነው የሚሠሩት? ይህ የሥራ አድራሻ አልተቀየረም?» አለ።

ላይሰንሷን ከቦርሳዋ አውጥታ በኩራት ሰጠችው።

ሰውዬው ካርዱን አነበበ። ገልብጦ ጀርባውን አነበበ። ፈገግታው አልጠፋም፣ ባለበት ቆሞ ቀረ እንጂ። «አንዴ ልውሰደው?» ብሎ ወጣ፤ በሩን ቀስ አድርጎ ከኋላው ዘጋው።

ብዙ ቆየ። ሲመለስ መነጽር ያደረገች ትልቅ ሴት አብራው ነበረች። ሴትዮዋ ዕፀ ሕይወትን እንደገና ቀኝ እጇን አስነሥታ አስማለቻት።

«ማሪዋና ለሌላ ሰው ሰጥተው ወይም ሸጠው ያውቃሉ?»

«ለታማሚዎች። በሐኪም ትእዛዝ።»

«ጥያቄዬ አዎ ወይስ አይደለም የሚል ነው።»

«አዎ።»

«ምን ያህል ጊዜ?»

«በየቀኑ። ሥራዬ ነው።»

ሴትዮዋ ጻፈች፣ አተመች፣ ዕፀ ሕይወት በየገጹ ፈረመች። ማንም አልጮኸባትም። እንዲያውም ውሃ ሰጧት። 

ማመልከቻዋ «መልካም ጠባይ አልተረጋገጠም» ተብሎ ውድቅ ሆነ። ያን ጊዜ ነው ከመኳንንት ጋር ወደ ሳሙኤል የሄዱት። ሳሙኤል እዚሁ ያደገ የሀበሻ ልጅ ነው፣ የኢሚግሬሽን ጠበቃ። ሁሉንም ሰምቶ ሲያበቃ ብዕሩን አስቀመጠ።

«እህቴ፣ እዚያ ከመግባትሽ በፊት ለምን አልጠየቅሽኝም?»

«ስቴቱ ፈቅዶልኛል እኮ! አሻራዬ ኤፍ ቢ አይ ሳይቀር ሄዷል፣ ንጹሕ ነች ብለዋል!»

«እሱን ነው የምልሽ። በፌዴራል ሕግ ማሪዋና አሁንም ክልክል ነው፤ ቴክሳስ የሰጠሽ ላይሰንስ ለእነሱ የእምነት ቃል ማለት ነው። ምስክር አያስፈልጋቸውም፣ ክስ አያስፈልጋቸውም። ሸጫለሁ ብለሽ ፈርመሻል።»

መኳንንት ተነሥቶ መስኮቱ ጋ ሄደ። «ብትተወውስ? ዛሬ ሥራውን ብትለቅ?»

«ትልቀቅ። ግን የተሠራው እንዳልተሠራ አይሆንም። ይግባኝ እንላለን፣ ሌላ ኦፊሰር እንደገና ይሰማታል። እስከዚያ ከአገር እንዳትወጪ። ውስጥ እስካለሽ ግሪን ካርድሽን መንካት ይከብዳቸዋል። ወጥተሽ ስትመለሺ ግን በር ላይ ነሽ፤ በር ላይ ሕጉ ሌላ ነው።»

«በሽተኞቹስ?» አለች ዕፀ ሕይወት። «ዜግነት የሌላቸው በሽተኞች?»

«እነሱማ ይብስባቸዋል። እወስዳለሁ ብለው አፋቸውን ከከፈቱ አለቀ።»

በሳምንቱ ሥራውን ለቀቀች። ቤታቸው ውስጥ ግን አንድ ነገር ተቀይሮ ቀረ። መኳንንት ድሮ አውሮፕላን ማረፊያው ውስጥ ስለሚያያቸው መንገደኞች እያወራ ነበር የሚገባው። አሁን ዩኒፎርም የለበሱትን ብቻ እያየ እንደሚውል ነገራት። የፖስታ መኪና ደጃፋቸው ሲቆም ሁለቱም ወሬያቸውን ያቋርጣሉ። ጎረቤታቸው በሩን ሲያንኳኳ ዕፀ ሕይወት መጀመሪያ በመጋረጃው ጠርዝ ታያለች፣ ከዚያ ትከፍታለች።

አቶ በየነ ነገሩን የሰሙት ከመኳንንት ነው። በተከታዩ እሑድ፣ ቅዳሴ አልቆ ማስታወቂያ ሲነገር፣ ከዘራቸውን ተደግፈው ተነሡና ማይኩን ለመኑ።

«ይህች ልጅ ሀሽሽ ትሸጣለች ብለን ከሕፃናት ለየናት» አሉ። «ያ ሀሽሽ ያላችሁት መድኃኒት እኔ የምወስደው ነው። ዛሬ ቆሜ ያስቀደስኩት በእሱ ነው። ከእጇ እየተቀበልኩ፣ ስትፈረድባት ዝም ያልኩት እኔ ነኝ።»

ከሴቶቹ ወገን አንድ ሰው አለቀሰ። ዕፀ ሕይወት ኋላ ቆማ ነበር፤ ደስ ሊላት ሲገባ ዓይኗ ስልክ የያዙ እጆችን ይፈልግ ጀመር። ስንት ሰው ሰማ? ማን ቀረጸ?

የይግባኙ ቀን፣ ሳሙኤልና እሷ አርቪንግ ሕንጻው መግቢያ ላይ ሲደርሱ አቶ በየነ ሱፍ ለብሰው፣ ክራቫት አስረው አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጠዋል። ማንም አልጠራቸውም። ሜሪን ለምነው ነው የመጡት፣ እሷ መኪና ፓርክ ልታደርግ ሄዳለች።

«ልመሰክርልሽ ነው» አሉ። «ሞት የደረሰበትን ሽማግሌ ይሰማሉ።»

ሳሙኤል ፊቱ በራ። «ይህ ብዙ ይረዳናል። በሽተኛው ራሱ ከተናገረ ሌላ ነው።»

ዕፀ ሕይወት ግን አጠገባቸው ቁጭ አለች። «ጋሼ፣ አሜሪካዊ ዜጋ ነዎት አይደል?»

«አይ፣ ግሪን ካርድ ነው። እንግሊዝኛው ከበደኝና ተውኩት። ምን አለበት?»

ሳሙኤል ዓይኑን ጨፈነ። ዕፀ ሕይወት የአቶ በየነን ክንድ ይዛ አስነሣቻቸው።

«ይሂዱልኝ፣ ጋሼ። አሁኑኑ።»

«ያለ ምስክር ልትገቢ ነው?»

«እዚያ ውስጥ ገብተው መድኃኒቱን እወስዳለሁ ካሉ እርስዎንም ይይዙብኛል። ቤተ ክርስቲያን ውስጥ የተናገሩት ይበቃኛል።»

ሽማግሌው ሊቆጡ ፈልገው ነበር፤ ፊቷን ሲያዩ ከዘራቸውን አነሡ። ሜሪ መኪናዋን መልሳ አመጣች። ዕፀ ሕይወት በሩን በራሷ እጅ ዘግታላቸው ተመለሰች።

አዲሱ ኦፊሰር ራሰ በራ፣ ድምፁ ዝቅ ያለ ሰው ነበር። ቀደም ሲል የፈረመችባቸውን ገጾች ፊቱ ዘርግቶ ጀመረ። ሳሙኤል ስለ ቴክሳስ ሕግ ተናገረ፤ ሰውዬው ራሱን እየነቀነቀ አዳመጠ። ከዚያ ወደ እሷ ዞረ።

«ለታማሚዎች ነው ይላሉ። ለማን? አንድ ስም ይንገሩኝ።»

«አልችልም።»

«አይችሉም ወይስ አይፈልጉም?»

ሳሙኤል ጣልቃ ሊገባ ሲል በእጇ ያዘችው። «ስማቸውን በአደራ ነው የሰጡኝ» አለች። «እኔን ይጠይቁኝ። ስለ ራሴ ሁሉንም እመልሳለሁ።»

ሰውዬው ጻፈ። መልሱ እንደገና ውድቅ ሆኖ መጣ፤ ከፊተኛው ምክንያት ሌላ «ለመተባበር ፈቃደኛ አልሆነችም» የሚል ተጨምሮበት ነበር።

ክረምቱ አለፈ። ዕፀ ሕይወት ፕላኖ ውስጥ የአረጋውያን መንከባከቢያ ቤት ሥራ አገኘች። ሰንበት ትምህርት ቤቱም መልሶ ጠራት። ነገሩ ጋብ ያለ በመሰለበት ወቅት የአቶ በየነ ታላቅ እህት አዲስ አበባ አረፉ። አቶ በየነ እሄዳለሁ አሉ። ዕፀ ሕይወት ዋይሊ ድረስ ሄዳ ለመነቻቸው፤ ሳሙኤል የነገራትን ሁሉ ነገረቻቸው።

«ጠበቃሽ፣ ስትሄጂ ማንም አይነካሽም፣ ችግሩ ስትመለሺ ነው ያለሽ አይደል?» አሉ። «ያሳደገችኝ እህቴ ናት። ጠርሙሱን እዚሁ ለሜሪ ትቼ እሄዳለሁ። ባዶ እጄን ብገባ ምን ያገኙብኛል?»

ጠርሙሱን ትተው ሄዱ። ስለ ስልካቸው ግን ማንም አላሰበም፤ ዕፀ ሕይወትም አላሰበችም።

በሚመለሱበት ቀን ሜሪና ዕፀ ሕይወት ተርሚናል ዲ ቆመው ጠበቁ። አውሮፕላኑ ካረፈ ቆይቷል። ሰዎች ሻንጣ እየገፉ ወጡ፣ ተቃቀፉ፣ ሄዱ። ነጠላ የለበሱ ሁለት እናቶች ወጡ። የአውሮፕላኑ ሠራተኞች ወጡ። ከዚያ በሩ ዝም አለ።

«ዊልቸር እየጠበቁ ይሆናል» አለች ሜሪ። ትንሽ ቆይታ ደግሞ፣ «አይደል?»

ዕፀ ሕይወት ስልኳን አወጣችና ደወለች። ጠራ። ሊዘጋ ሲል ተነሣ።

«ሄሎ፣ ጋሼ?»

«ማን ልበል?» አለ በእንግሊዝኛ አንድ የደከመው የሚመስል የወንድ ድምፅ።

ከሰውዬው ኋላ የሆነ ወንበር ሲጎተት ይሰማል፣ ሌላ ሰው ይስላል። ሳሉን አወቀችው።

«ስክሪኑ ላይ 'ዕፀ መድኃኒት ቤት' የሚል ስም ነው የወጣው» አለ ድምፁ። ስሟን በእንግሊዝኛ እንዲያ ብላ የመዘገበችላቸው ሜሪ ነበረች። «የመድኃኒት ቤቱ መልእክቶችም እዚሁ አሉ። እርስዎ ነዎት?»

ስልኩን መዝጋት ትችል ነበር። ሜሪ አፏን በእጇ ይዛ እያየቻት ነው። መኳንንት ያን ሰዓት አውቶቡሱን ይዞ ከሕንጻው ውጭ በሆነ ቦታ እየዞረ ነበር።

«እኔ ነኝ» አለች ዕፀ ሕይወት። «ሽማግሌው አጥንታቸውን ያማቸዋል። ጠንካራ ወንበር ላይ አታስቀምጧቸው። ውሃም ስጧቸው፣ እባካችሁ።»

«ሙሉ ስምዎን ፊደል በፊደል ይንገሩኝ» አለ ሰውዬው። እሷም አንድ በአንድ ነገረችው።

አቶ በየነ የወጡት ሲመሻሽ ነው። አንድ ልጅ እግር የአውሮፕላን ማረፊያ ሠራተኛ በዊልቸር እየገፋ አመጣቸው። የኢሚግሬሽን ኦፊሰሮቹ ግሪን ካርዳቸውን ወስደውባቸዋል፤ በምትኩ ተመልሰው የሚቀርቡበት ቀን የተጻፈበት አንድ ወረቀት ጭናቸው ላይ ነበር። ስልካቸውም እዚያው ቀርቷል። ሜሪ ተንበርክካ አቀፈቻቸው። እሳቸው ግን በትከሻዋ አሻግረው ዕፀ ሕይወትን ነው የሚፈልጉት።

«መድኃኒቱን ማን ሰጠህ አሉኝ፣ ልጄ» አሉ። «አልተናገርኩም። ያ ስልክ ነው የተናገረው። ይቅር በይኝ።»

ዕፀ ሕይወት ጎንበስ ብላ የተንሸራተተውን ጋቢያቸውን ትከሻቸው ላይ መለሰችላቸው።

«አይጨነቁ፣ ጋሼ» አለች። «እኔን ቀድሞም ያውቁኛል።»

ዊልቸሩን ከልጁ ተቀብላ ወደ መውጫው ትገፋ ጀመር። መኳንንት ተራውን ጨርሶ፣ የሥራ ሰደርያውን እንደለበሰ፣ ከመስታወቱ በር ውጭ ቆሞ ይጠብቃቸው ነበር።